የማይሞቀው ማሞቂያ

ጋሼ፣ እንዴት ዋልክ። የላክልኝን የእማዬን ዜና ሕይወት አነበብኩት። አልዋሽህም፣ አማርኛው ያምራል፤ እኔ እንደዛ አድርጌ መጻፍ አልችልም። ለዚህ ነው በድምፅ የምልክልህ። ግን ጋሼ፣ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ምን ማለት ነው? ምንድን ነው ያደረባቸው? ማደሪያ ያጣ እንግዳ ነው? አድሮ፣ ጠዋት ቁርሱን በልቶ የሚሄድ? ስም የለውም?

ቆይ፣ ልረጋጋ። መኪና ውስጥ ነኝ፣ እዚሁ በራችን ላይ። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል፣ ሰው ፊት መጮህ አልፈለግኩም። ታውቀኛለህ፣ አንዴ ከጀመርኩ ማን ያቆመኛል። የሚገርምህ ግን መናደዴንም እንጃ። ድንዝዝ ብያለሁ። ጥርስ ሐኪም ጋ መርፌ ተወግተህ ስትወጣ ከንፈርህ የሌላ ሰው ከንፈር ይመስልሃል አይደል? ሁለንተናዬ እንደዛ ሆኗል። አፌ ብቻ ነው የሚቆጣው።

ነገ ቀብሩ ላይ የምታነበው አንተ ነህ። ታላቅ ወንድሟ ነህ፣ ይገባሃል። ስለዚህ እኔ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገርህና አንተ ቋንቋውን አሳምረው። አንዲት ቃል ግን እንዳትነካብኝ። የቷ እንደሆነች ስትደርስባት ታውቃታለህ። ደግሞ እማዬን በሕይወቴ አንቱ ብያት አላውቅም፤ እዚህ ላይ «እሳቸው» ነው የሚባለው ብለሃል፣ እሺ፣ እሳቸው እላለሁ። ካመለጠኝ አስተካክለው።

እንግዲህ ጀምር።

እናታችን ከአናጺ አባትና ከልብስ ሰፊ እናት ተወለዱ። ዓመተ ምሕረቱን አንተ ሙላው። የቤቱ ግማሽ የአያቴ ወርክሾፕ ስለነበረ ልጅ ሆነው የሚተኙት ከመላጊያው ጀርባ ነበር፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄዱ ፀጉራቸው ውስጥ የእንጨት ብናኝ ስለማይጠፋ የክፍል ልጆች «ሰጋቱራ» የሚል ስም አወጡላቸው። አንተም እስከ መጨረሻው ሰጋቱራ ነበር የምትላቸው። ባለፈው ሳምንት እንኳን አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ «ሰጋቱራ፣ ትንሽ ሾርባ ቅመሺ» ስትል ሰምቼሃለሁ። ይሄን ለምን አልጻፍከውም? «ከልጅነታቸው ጀምሮ ምስጉን ጠባይ የነበራቸው» ብለሃል። ምስጉን ጠባይ! ጋሼ፣ ሴትየዋ እንደ እኔ ቱግ የምትል ሰው ነበረች። ነበሩ። ከማን የወረስኩት መሰለህ? ልዩነታችን፣ እሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል።

አሁን የምነግርህን አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ሆኖም እኔ እሳቸው እንደነገሩኝ ልበለው። ሰባተኛ ክፍል ሳሉ አባታቸው ታመሙ። ጉሮሮ ነበር። ሐኪሙ ምን እንደሆነ ነገረህ፤ አንተ ደግሞ ለእሳቸው ነገርካቸውና «ለአባዬ ትንፍሽ እንዳትይ» አልክ። ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው «ጨጓራ ነው» ማለት ጀመረ። ጉሮሮውን ላመመው ሰው ጨጓራ! ወተት ይጠጣ፣ በርበሬ ይቅርበት፣ ይሻለዋል። አያቴ አንድ ቀን ጠሯቸውና «አንቺ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ፣ ንገሪኝ እስቲ፣ ምንድን ነው የያዘኝ?» አሉ። እሳቸውም እንደታዘዙት «ጨጓራ ነው አባዬ» አሉ። ሰውየው አመኑ። አምነው የሙሽሮች ቁምሳጥን ትእዛዝ ተቀበሉ፤ እንጨት ቆረጡ፣ ላጉ፣ ጎኑንና ጀርባውን ገጠሙ። በሩ ላይ ሳይደርሱ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ዜና ሕይወታቸውን ያነበብከው አንተ ነህ። «ባደረባቸው ሕመም።» እማዬ ያን ጊዜ አንተ አጠገብ ቆመው እንደነበር ነግረውኛል።

ያ ቁምሳጥን እስከ ዛሬ አንተ ቤት አለ። በሩ የለውም፣ መጋረጃ ሰቅለህበታል። እማዬ ቤትህ በመጣን ቁጥር መጋረጃውን ገልጠው ያዩትና «ቢነገረው ይጨርሰው ነበር» ይላሉ። አንተ ሰምተህ እንዳልሰማህ ሻይ ልታመጣ ትነሳለህ። ልወቅስህ አይደለም፣ አንተም ልጅ ነበርክ። ግን ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ዓመት አለፈ፣ ያቺው ዓረፍተ ነገር ተመልሳ መጣች። ስማቸውን ቀይረህ የአባትህን ዜና ሕይወት ነው የላክልኝ።

እሺ። ትምህርት። ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሱ የጨረር ሕክምና ለመማር ተመዘገቡ። አንተ «ጨረር ያቃጥልሻል፣ አትወልጂም» ብለህ አኮረፍክ። ተማሩ፣ ተመረቁ፣ እኛንም ወለዱ።

ሥራቸውን «በጤናው ዘርፍ በቅንነትና በታማኝነት አገልግለዋል» ብለሃል። የጤናው ዘርፍማ የሆስፒታሉ ጥበቃም ያገለግላል። እንዲህ ብለህ ጻፈው፦ የጨረር ሕክምና ባለሙያ ነበሩ። በሽተኛውን ጠንካራው አልጋ ላይ ያስተኛሉ። ቆዳው ላይ እንደ ጠቃጠቆ የምትታይ ነጥብ ተነቅሶለታል፤ ከግድግዳው የሚመጣው ቀጭን መብራት ልክ እዛች ነጥብ ላይ እስኪያርፍ ሰውየውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ለፀጉር ያህል ያንቀሳቅሱታል። «እርስዎ አይርዱኝ፣ እንደ ከረጢት ዱቄት ይሁኑልኝ» ይላሉ። ከዛ ሁሉም ይወጣል፣ ያ ወፍራም በር ይዘጋል፣ በሽተኛው ብቻውን ይቀራል። እሳቸው ውጭ ባለው ክፍል ካሜራውን እያዩ በማይክ «አይንቀሳቀሱ። እዚሁ ነኝ፣ እያየሁዎት ነው። ካስቸገርዎ እጅዎን ያንሱ፣ አቆመዋለሁ» ይላሉ። ለሁሉም፣ በየቀኑ፣ በዚሁ ቃል። እቤትም እኮ መርፌ ስወጋ፣ ፀጉሬን ስቆረጥ፣ ፈተና ልፈተን ስል ይሄንኑ ነው የሚሉኝ።

በሩ ላይ ግን ሁሌ ሰው ይጠብቃቸዋል። የበሽተኛ ልጅ፣ የበሽተኛ ሚስት። ክንዳቸውን ይዘው «እህቴ፣ አደራሽን፣ ለእማማ ስሙን እንዳትነግሪያቸው፣ ይደነግጣሉ» ይላሉ። መልሳቸው አንድ ነበር። «መንገር የሐኪሙ ነው፣ እኔ ተነስቼ አልነግራቸውም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም። እንዳይጠይቁኝ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው።»

አባባ ፍሬቻን ታውቃቸው የለ? ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሹፌር፣ ሲያወሩ በእጃቸው የሚጠቁሙት። ልጆቻቸው ያመጧቸው «ለወገብህ ማሞቂያ አለ፣ እሱን ትገባለህ» ብለው ነው። ሽማግሌው ዝም ብለው ይመጣሉ፣ ይተኛሉ፣ ይነሳሉ። አንድ ቀን አልጋው ላይ እንደተጋደሙ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አሉ።

«ይጠይቁኝ አባባ።»

«ይሄ ማሞቂያ ለምንድን ነው የማይሞቀው?»

እማዬ ሳቃቸውን ዋጡና «እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» አሉ።

«እኔማ ካንሰር ነው። ገና ስገባ አውቄዋለሁ፤ ይሄን ያህል ወፍራም በር ለወገብ ማን ይሠራል? ልጆቼ እንዳይደነግጡ ነው ዝም ያልኩት። አደራሽን፣ እንዳትነግሪያቸው!»

ይሄን እማዬ አይደሉም የነገሩን። አባባ ፍሬቻ ራሳቸው በሄዱበት ሁሉ የሚያወሩት ነው። የዛን ቀን እማዬ ልጆቹን ከኮሪደሩ ጠርተው ካባታቸው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠዋቸው ወጡ። ከውጭ መጀመሪያ ለቅሶ ተሰማ፣ ከዛ ሳቅ፣ ከዛ ደግሞ ጭቅጭቅ። የእርሻው ውርስ ጉዳይ ነበር። ሽማግሌው ዳኑ፣ አሁንም እዚሁ ለቅሶው ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እመለስባቸዋለሁ።

ጋብቻ። ማሽኑ ተበላሽቶ ሥራ በቆመበት ቀን አንድ ጠጋኝ መጣ፤ ገብቶ ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጠፈ። እማዬ ቀስ ብለው «የልብ ትርታ ነው የምታዳምጠው?» አሉት። ሰውየው ቀና ሳይል «ዝም በይ፣ እየነገረኝ ነው» አላቸው። በዛን ሰዓት ውጭ ወንበር ላይ የተሰለፉትን በሽተኞች እያሰቡ ቱግ ብለው ነበር፣ ግን ዝም አሉ። አባቴ ነው። እናቴን ዝም ያሰኘ ሰው ከዛ በፊትም ከዛ በኋላም አልታየም፣ እሱም ሁለተኛ አልተሳካለትም። አሁን ሳሎን ጥጉ ላይ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ተቀምጧል፣ ልክ ማሽን እንደሚያዳምጥ። ሰው «አይዞህ» ሲለው «እ?» ይላል።

ልጆች ሁለት፦ እህቴና እኔ። በ«መልካም ሥነ ምግባር ኮትኩተው አሳደጉ» ያልከውን ተወው፣ ይሁን፣ እህቴን ለማለት ነው።

ቆይ ጋሼ፣ አንድ ሰውዬ መስኮት እያንኳኳ ነው። ምንድን ነው ወንድሜ? አነሳለሁ! መኪናውን አነሳለሁ አልኩህ እኮ! የቤቱ ልጅ ነኝ፣ ለቅሶ ላይ ነን፣ አታይም እንዴ? እ? እሺ። አሜን፣ ያጥናን። እሺ፣ አመሰግናለሁ። እማዬን ያውቃቸዋል መሰለኝ፣ ስማቸውን ጠርቶ አለቀሰ። እኔ ጮህኩበት። መኪናውን እንዴት እንደማነሳው እንኳን አላውቅም፣ እግሬ ፔዳሉ ላይ መሆኑ ራሱ አይሰማኝም።

ምን ላይ ነበርኩ? ሕመም።

መዋጥ ያማቸው ጀመር። ምርመራ ሄዱ፣ ብቻቸውን። ተመልሰው ወጥ ቤት ገቡና ሁላችንንም ጠሩን። ሽንኩርት እየላጡ ነበር። «ካንሰር ይዞኛል። ምላሴ ሥር ነው። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፣ የሌለው ቢላ ያንሳና ይክተፍ» አሉ። እህቴ ማልቀስ ጀመረች፤ በሽንኩርቱ አሳበበች። እኔ ጮህኩ፣ ማን ላይ እንደሆነ አላስታውስም፣ ፍሪጁ ላይ ይመስለኛል። አባዬ «ማሽኑ ደህና ነው?» አለ። ሳቁበት። «ማሽኑ ከኔ ይሻላል» አሉት።

ላንተም በዛኑ ቀን ደወሉልህ። ስሙን ጠርተው ነገሩህ። አንተ «በይ በይ፣ አፍሽን አታበላሺ» አልካቸው። ስፒከር ላይ ነበርክ፣ ሰምቼሃለሁ።

ጭንብሉን ታውቀዋለህ? አንገትና ፊት ላይ የሚታከም ሰው እንዳይነቃነቅ ጭንብል ይሠራለታል። ወንፊት የመሰለ ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከርና ሲለሰልስ ፊት ላይ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ በፊትህ ቅርጽ ደርቆ ይቀራል። እማዬ ለስንት ሰው ሠርተውታል። የእሳቸውን የሠራችው ራሳቸው ያሠለጠኗት ልጅ ነች። ፕላስቲኩን እንደያዘች ስታመነታ አይተው፣ ፊታቸው ላይ ከመለጠጧ በፊት «አገጬ ጋ ገፋ አድርጊው፣ አትዘኚልኝ፣ ካዘንሽልኝ ይላላል» አሏት።

መጀመሪያ ቀን እኔ ነኝ የወሰድኳቸው። ልጅቷ መቆጣጠሪያው ክፍል አስገባችኝ። በሩ ተዘጋ። ካሜራው ላይ እማዬ ነጭ ፊት ሆነው ጣራውን ያያሉ። ልጅቷ ማይኩን ከፈተች፣ ግን ድምፅ አልወጣላትም። የሚባለውን ታውቀዋለች እኮ፣ ከሳቸው ነው የተማረችው። እምቢ አላት። እኔ ማይኩን ወሰድኩባትና «እማዬ! አትንቀሳቀሺ! እዚሁ ነኝ! እያየሁሽ ነው!» አልኩ። ወዲያው እጃቸውን አነሱ።

ሁሉም ነገር ቆመ። በሩ ተከፈተ፣ ሮጠን ገባን፣ ልጅቷ ጭንብሉን ፈታችው። ፊታቸው ላይ የወንፊቱ ምልክት ታትሟል። ዓይኔን አዩኝና በዛች በቀነሰች ድምፃቸው «ለምን ትጮሃለህ? ደንግጬ ተነቃነቅኩ። ቀስ ብለህ በለው፣ ሰው ተኝቷል» አሉ። ተመልሰን ወጣን። ቀስ ብዬ አልኩት። እጃቸውን አላነሱም።

ሕክምናው ሲያልቅ ጭንብሉን ይዘው መጡና ሳሎን፣ መጻሕፍቱ አጠገብ አስቀመጡት። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። «ያኔ ካንሰር ይዞኝ የለበስኩት ነው፣ ሻይ ወይስ ቡና?» ይላሉ። ለጥቂት ጊዜ ደህና ሆኑ። ካንሰሩ ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜም ነገሩን። ስላወቁ ደግሞ ቁጭ አላሉም። ልጅቷን ቤት ድረስ እያስመጡ ያላስተማሯትን አስተማሯት። ከጎረቤታችን ጋር በውሃ መውረጃው ተኳርፈው ነበር፣ ሄደው ታረቁ፣ ግን ጥፋቱ የሷ መሆኑን አስረድተው ነው የታረቁት። ጫማቸውን አክስቶቼን እያስለኩ አከፋፈሉ። አባዬን ሩዝ መቀቀል አስተማሩት፤ አሁንም ያሳርረዋል። የራሳቸውን ቁምሳጥን በር ገጠሙ ማለት ነው፣ ጋሼ። ለመግጠም ግን መጀመሪያ ማወቅ ነበረባቸው።

ከዛ ድምፃቸው ሄደ። በእጅ እንግባባ ጀመር። አንድ ጣት ውሃ፣ መዳፍ «በቃኝ»፣ እጅ ማንሳት «አቁሙ»።

ትናንት ጠዋት እህቴ ፊታቸውን በእርጥብ ፎጣ እየጠረገች፣ አባዬ እግራቸው ሥር፣ እኔ መስኮቱ ጋ። ትንፋሻቸው ራቅ፣ ራቅ አለ። እኔ «እማዬ፣ እዚሁ ነኝ» አልኩ። አልጮህኩም። እጇን አላነሳችም። እጇን ነበር የማየው፣ ፊቷን አይደለም። አላነሳችም። ደህና ነኝ ማለቷ ይሁን ደክሟት ይሁን አላውቅም። አላለቀስኩም። እስካሁንም አላለቀስኩም። እህቴ «አልቅስ እንጂ» ትለኛለች፣ እንደ ሥራ።

ታዲያ ዛሬ ምን ሆነ? ከሰዓት አባባ ፍሬቻ መጡ። ከዘራቸውን አስደግፈው ተቀመጡና «ልጄ ምን ሆና ነው?» አሉ። ትልቋ አክስቴ «እንዲያው ትንሽ አሟት ነበር» አለቻቸው። ሽማግሌው እኔን አዩኝ። መጻሕፍቱን አዩ፤ ጭንብሉ ቦታው ላይ የለም። እኔም ያኔ ነው ያየሁት። ከዛ ጠጋ ብለው በጆሮዬ «ማሞቂያ ገብታ ነበር በለኛ» አሉኝ።

ሳቅኩ። ለቅሶ ቤት መሃል ሳቅኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ጭንብሉን ስፈልገው አልጋ ሥር፣ በአንሶላ ተጠቅልሎ አገኘሁት። አክስቴ «ሰው ምን ይላል ብዬ ነው» አለች። ይዤው ወጣሁ። ስልኬን ስከፍት ያንተ ጽሑፍ ገብቷል። «ባደረባቸው ሕመም።»

ጭንብሉ አሁን ጎኔ፣ ወንበሩ ላይ ነው። ቀበቶ አስሬለታለሁ። አትሳቅብኝ።

ስለዚህ እንዲህ ብለህ ጻፍ ጋሼ፦ በካንሰር ታመው፣ ስሙን ራሳቸው ጠርተው ለቤተሰባቸው ነግረው፣ በሙያ ልጃቸው እጅ ታክመው፣ ትናንት ጠዋት በቤታቸው አረፉ። በቃ። ነገ እዛ የሚቆመው ሰው ግማሹ እሳቸው አልጋው ላይ ያስተኙት ነው። ደረታቸውና አንገታቸው ላይ ያቺ ነጥብ አለች። ሰጋቱራ «ባደረባቸው ሕመም» ሞቱ ብለህ ስታነብላቸው እነሱስ የተረፉት ከምንድን ነው? ከማደር?

የተዋቸውን ጻፍ። ባለቤታቸውን። አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ። ታላቅ ወንድማቸውን፣ አንተን፤ ራስህን መጨረሻ ላይ አትደብቅ። እህቶቻቸውን። ያሠለጠኗትን ልጅ፣ እሷንም እንደ ልጅ ቁጠራት። ከዛ ጸሎቱን አንተ ታውቅበታለህ። እኔ የምለምነው፣ እስከ ዛሬ እሳቸው ሌላውን ሰው እንዳስተኙት፣ እሳቸውንም ሳይቸኩል፣ ሳይጎረብጣቸው፣ ቀና አድርጎ የሚያስተኛቸው አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል። ለአባዬም ብርታቱን ይስጠው። ለኛም።

ደክሞኛል። ጋሼ፣ አንተንም አውቅሃለሁ። ቃሏ ጋ ስትደርስ ሻይ ልታመጣ መነሳት ያምርሃል። አትዝለላት፣ አትጩህባትም። ቀስ ብለህ በላት፣ ሰው ተኝቷል። እኔ ከፊትህ ነው የምቆመው፣ ጭንብሉን ይዤ። ካቃተህ እጅህን አንሳ፣ መጥቼ ካንተ ጋር አነባታለሁ። ከዛ ውጭ አትንቀሳቀስ። እዚሁ ነኝ። እያየሁህ ነው።